የዘውዴ አበባ የቀረበት ሁዳዴ

ባለፈው የካቲት ለሥራ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስወጣ ሚኒባሱ ኮሶዬ ላይ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠችው ተማሪ ጾሟን ልትፈታ ከቦርሳዋ የላስቲክ ኩባያ አወጣች፤ በሶ ጨመረችበት፣ ውሃ ጠብ አድርጋ በማንኪያ አማሰለችው። የተቆላ ገብስ ሽታ መኪናውን ሞላው። “እንብላ” ብላ ኩባያውን ወደ እኔ አስጠጋች። አንድ ማንኪያ ወሰድኩና ሳልጎርሰው ያዝኩት።

“አመመሽ እንዴ እትዬ?” አለችኝ።

“አይ፣ እህቴ ትዝ ብላኝ ነው።”

በሶ ሲሸተኝ ስድስተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ይመጣብኛል። በዚያ ዓመት ከታላቅ እህቴ ከዘውዴ ጋር ደባርቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። መንደራችን ከዳባት አልፎ፣ ደባርቅ ሳይደረስ፣ ከአስፋልቱ ወደ ላይ የሚወጣ አገር ነው። አባታችን የደብሩ ቄስ ናቸው። የቀበሌያችን ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል ስለማያልፍ፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ስንቃችንን አዝለን እንወርዳለን፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እንመለሳለን። ስንቁ በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና የባቄላ ቆሎ ነው።

ዘውዴ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ለጥምቀት አሥራ ስምንት ዓመት ደፍናለች። ረጅም ናት፤ ሒሳብ ስትሠራ የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ስትቸኩል ነጠላዋን ትረሳለች። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በአንድ ፍራሽ ላይ ስለምንተኛ የደባርቅ ብርድ ሲበረታ እግሬን በእግሮቿ መሀል እደብቅ ነበር።

በጥር ታጨች። እጮኛዋ ዲያቆን ኅሩይ የአለቃ ወርቁ ልጅ ነው፤ ከማዶው ደብር። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ ለዳግም ትንሣኤ ተቆረጠ። ወዲያው ቅስና ሊቀበል ነው። ዲያቆን ቄስ የሚሆነው ድንግል አግብቶ፣ በቁርባን ተጋብቶ ነው፤ ሙሽራይቱ ድንግል ካልሆነች ክህነቱ ይቀራል። ስለዚህ በእኛ አገር ለዲያቆን የታጨች ልጅ ስትሄድም ስትመለስም የመንደሩ ዓይን አይለያትም። ዘውዴ እሺ ያለችው ከሠርጉ በኋላም ትማራለች ብለው ቃል ስለገቡላት ነው። ደግሞ ድምፁን ወዳዋለች። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ይደውልላታል፤ እሷ የስልኩን ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ሰክታ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ብዙ የሚናገረው እሱ ነው። እሷ “እሺ” ትላለች፤ አንዳንዴ ትስቃለች።

“ምን እያለሽ ነው?” እላታለሁ።

“መዝሙር እያሰማኝ ነው። ዝም በይ አንቺ።”

የእኔ ሥራ ውሃ መቅዳት ነበር። ከቦኖው በየቀኑ አንድ ጀሪካን አመጣለሁ። በየወሩ ግን ዘውዴ “ዛሬ አንድ ጨምሪልኝ” የምትልበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ከቤቱ ጀርባ ጎንበስ ብላ ጨርቆች ታጥባለች፤ እኔን ወደዚያ አታስጠጋኝም። በዚያ ሰሞን ወደ መንደር ስንወጣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ከሌሎች ሴቶች ጋር ቆማ ታስቀድሳለች። እናታችንም አንዳንዴ እንደዚሁ ነበረች። ቤታችን ውስጥ ነገሩ ስም አልነበረውም፤ እማዬ “ዛሬ ከደጅ ነኝ” ትላለች፣ በቃ። አንድ ቀን ዘውዴን ለምን ውጭ እንደቆመች ብጠይቃት “የወር አበባዬ መጥቶ ነዋ” አለችኝ።

አበባ! አደይ በመስከረም እንደሚፈነዳ ሁሉ፣ በየወሩ የሚፈነዳ ሌላ አበባ ያለ መሰለኝ። ሴቶቹም ከአጥሩ ውጭ የሚቆሙት እሱን ሊጠብቁ ነው ብዬ አመንኩ። ከቤቱ ጀርባ በቦዩ ቀላ ያለ ውሃ ሲወርድ አይቼ ስለነበር ቀለሙንም አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። አንድ እሁድ ቅዳሴው ሳያልቅ ሾልኬ ወጥቼ በአጥሩ ዙሪያ ፈለግሁት። ሳማና ኮሸሽላ እንጂ ሌላ አላገኘሁም።

ሁዳዴ ገባ። ዘውዴ እንደ አባባ አጥብቃ ትጾማለች። ትምህርቷ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክፍል ውስጥ ናት፤ ወደ ቤት የምትመለሰው ፀሐይ ስትገባ ነው። መጥታ አንድ ኩባያ በሶ ትጠጣለች፤ ድርቆሹን “አንቺ ብይው፣ እኔ በቃኝ” ብላ ወደ እኔ ትገፋዋለች። እኔም እበላለሁ። ከዚያ ደብተሯ ላይ ታቀረቅራለች። ለሠርጉ ሰሞን ከትምህርት ስለምትቀር ፈተናው እንዳያመልጣት አስቀድማ ታጠና ነበር። ከሳች። የቀሚሷን ወገብ በመርፌ ቁልፍ አጠበበችው። ብርዱ አልለቃት አለ፤ ፍራሹ ላይ እግሯ ከእኔ እግር ይልቅ ይቀዘቅዝ ጀመር።

“አንድ ጨምሪልኝ” ማለቷም ቀረ። እኔ ደስ አለኝ፤ ጀሪካኑ ከባድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ መንደር ሆነን፣ የአባባ ታላቅ እህት እትዬ ማንጠግቦሽ ከእማዬ ጋር ምስር ሲለቅሙ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። እትዬ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ በግቢያችን ይኖሩ ነበር፤ ዓይናቸው የማያየው፣ አፋቸው የማይለው የለም።

“ደብሪቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አትቆጪ” አሉ።

“ምነው እትዬ?”

“ዘውዴ ከደጅ የቀረችበትን እሁድ ታስታውሻለሽ?”

እማዬ እጇን ከምስሩ ላይ አነሳች።

“ከጥምቀት ወዲህ በየእሁዱ ከውስጥ ናት” አሉ እትዬ። “ትቆማለች፣ ትሰግዳለች፣ ጠበሉን ትጠጣለች። አንድም ቀን አልቀረች። እንዲህ ያለች ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ?”

እኔ ምስጋና መሰለኝ። በየእሁዱ ሳትቀር የምታስቀድስ ልጅ ነዋ! ሮጬ ከጓሮ ቅጠል ወደምትቆርጠው ዘውዴ ሄድኩ። “እትዬ አመሰገኑሽ! ከጥምቀት ወዲህ አንድም እሁድ ከደጅ አልቀረችም አሉ” አልኳት።

ማጭዱ ከእጇ ወደቀ። ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። የነገርኳት ነገር ምስጋና እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ወዲያው እማዬ ጠራቻት። በሩ ተዘጋ። እኔ ከውጭ በመስኮቱ ሥር ቁጢጥ አልኩ።

“መቼ ነው የቀረብሽ?” አለች እማዬ።

“ከጥምቀት በኋላ መጥቶ አያውቅም።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ምን ብዬ ልንገርሽ እማ? እኔም አላውቀውም! ይመጣል ይመጣል እያልኩ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።”

“ሆድሽን ላየው” አሉ እትዬ። ሲነኳት ሰማሁ፤ ዘውዴ ጮኸች። “ሆዷ ባዶ ነው” አሉ። “ገና ለጋ ከሆነ ግን አይታወቅም። ልጄ፣ ማን እንደሆነ ንገሪን። ራሱ ኅሩይ ከሆነ ነገሩ በዝምታ ያልቃል፤ ሌላ ከሆነ ግን የሰውየው ክህነት፣ የአባትሽ ስም፣ ሁሉም ገደል ገባ።”

“ማንም የለም!”

“ያለ ወንድ የሚጸነስ የለም እኮ።”

እኔ ግን አንዲት ሴት እንዳለች አውቅ ነበር። አባባ ማታ ማታ በእሳቱ ዙሪያ ሲያስተምሩን፣ መልአኩ እመቤታችንን ሲያበሥራት ቃል በጆሮዋ እንደገባ፣ ማንም ሳይነካትም እንደጸነሰች ነግረውናል። ዘውዴን ማንም አልነካትም። ግን በየሐሙሱ ጆሮዋ ውስጥ ማዳመጫ ይሰካል፤ በዚያም ዲያቆኑ መዝሙር ይነግራታል፤ እሷም “እሺ” ትላለች። መስኮቱ ሥር ሆኜ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ።

እማዬ ለአባባ ለመንገር ፈራች። እትዬ ደግሞ “ጾሙ ይውጣ፤ ካልመጣ ግን ለአለቃ ወርቁ እኔ ራሴ ሄጄ እነግራለሁ፤ ሰው አታሎ ዳረ ከመባል ይሻላል” አሉ። ሰኞ ደባርቅ ስንወርድ ዘውዴ መንገዱን ሁሉ ቀድማኝ ሄደች።

ያ ሳምንት ረጅም ነበር። ዘውዴ መብላት ጨርሶ ተወች። ሐሙስ ስልኩ ሲጮህ ዘጋችው፤ እኔም ስልኩን ወስጄ ከፍራሹ ሥር ቀበርኩት። በየማለዳው ስትለብስ ሆዷን በጎን አያለሁ። ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ምናልባት በጆሮ የመጣ ልጅ ሆድ ውስጥ ላይቀመጥ ይችላል ብዬ ጭንቅላቷንም አየሁ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ከሰዓት በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ደብተሮቿ ፍራሹ ላይ ናቸው። ጥቁሯ የልብስ ቦርሳ ግን የለችም። የቤቱ ባለቤት “እህትሽ በሊማሊሞ መንገድ ስትሄድ አይቻታለሁ፤ ወዴት ነው?” አለችኝ። ወደዚያው ሮጥኩ።

ከከተማው ወጥቶ መንገዱ ቁልቁል መጠማዘዝ የሚጀምርበት ቦታ አለ። መሬቱ እዚያ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚታየው ጉም ብቻ ነው። የጭነት መኪናዎች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ማርሽ ለመቀነስ እያጓሩ ይቆማሉ። ዘውዴ በገደሉ አፍ ላይ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን አቅፋለች። ልጠራት ፈራሁ። ብትደነግጥስ? ቀስ ብዬ ሄጄ የነጠላዋን ጫፍ ያዝኩ።

ዞር አለች። “አንቺ! ማን ላከሽ?”

“ወዴት ልትሄጂ ነው?”

“ወደ ታች።”

“ታች የት?”

“ሰው ሆዴን የማያይበት አገር።”

“እኔስ?”

አንድ የጭነት መኪና አጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ “እህቴ፣ ትወርጃለሽ? ማይ ፀብሪ ድረስ ነኝ” አለ። ዘውዴ ተነሳች። እኔ ነጠላውን ለቅቄ ቀሚሷን በሁለት እጄ ጨበጥኩት፤ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ተጎተትኩ። የመርፌ ቁልፉ ተከፍቶ እጄን ወጋኝ። ጮህኩ፤ አልለቀቅሁም። ሾፌሩ አየን፤ ራሱን ነቀነቀና ማርሹን አስገብቶ ቁልቁለቱን ነዳ።

ዘውዴ አጠገቤ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። እጄ ላይ ያለውን ደም በነጠላዋ ጠረገችው።

“ሙሉ፣ እኔን ሰው አልነካኝም። ማንም። አንቺ ታምኚኛለሽ?”

“አምንሻለሁ” አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ስልክ አይነካማ።

አብረን ተመለስን። እኔ ግን ያን ቀን አንድ ነገር ቆረጥኩ። ይህን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስለ ቃልና ስለ ጆሮ ያስተማረን።

ማግስቱ የገበያ ቀን ነው። አባባ ለበዓሉ ጧፍ ሊገዙ መጡና ወደ ክፍላችን ጎራ አሉ። ዘውዴ ትምህርት ቤት ናት። ጥምጥማቸውን አስተካክለው ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ ቁመታቸው ክፍሏን የበለጠ አጠበባት።

“ነይ ወዲህ” አሉኝ። “እናትሽ ታለቅሳለች፤ ምን ሆንሽ ስላት ጭሱ ነው ትለኛለች። እህትሽ ከስታለች። ማንጠግቦሽ ስታየኝ ዓይኗን ታዞራለች። በቤቴ እኔ ብቻ የማላውቀው ነገር አለ። ንገሪኝ።”

“ዘውዴ ጸንሳለች ይላሉ እትዬ” አልኩ።

መስቀል የያዘው የአባባ እጅ ጭናቸው ላይ ደርቆ ቀረ። እኔ እንዳይቆጡ ፈጥኜ ቀጠልኩ፤ “ግን ጥፋቷ አይደለም አባባ! ሰው አልነካትም። ዲያቆኑ ሐሙስ ሐሙስ በስልክ ሲያናግራት ማዳመጫው ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ቃሉ በጆሮዋ ገብቶ ነው። እኔ አይቻለሁ፤ እሺ ስትለውም ሰምቻለሁ።”

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ ግን እየሳቁ ነበር። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና እውነትም አለቀሱ። አባቴን ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

“ልጄ” አሉኝ በመጨረሻ፣ “እሱ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነው። ለእመቤታችን ብቻ። ለሌላ ለማንም አልሆነም፤ አይሆንምም። በጆሮሽ ነው ብሎ ማን ነገረሽ?”

“እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።”

“አዎ፤ እኔ ነኝ” አሉ። “የቀረውን ግን ማንም አላስተማራችሁም።”

ዘውዴ እስክትመጣ እዚያው ተቀምጠው ጠበቁ። በሩን ከፍታ ስታያቸው እግሯ ደፉ ላይ ቀረ።

“ግቢ ልጄ። ሁሉን ሰምቻለሁ” አሉ አባባ። “የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ያምሻል?”

እሷ የጠበቀችው ሌላ ጥያቄ ነበር። ቦርሳዋን ጣለችና እግራቸው ላይ ወደቀች። “ይበርደኛል አባባ” አለች። “ራሴን ያዞረኛል። ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ይጨልማል።”

“ተነሽ። አንቺም ነይ” አሉኝ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ተረኛዋ ነርስ ሲስተር ገነት ትባላለች፤ ድምፀ ለስላሳ፣ አነጋገሯ ቀጥተኛ የሆነች ወጣት። ጥምጥም የጠመጠሙ ቄስ ሁለት ሴት ልጆች ይዘው ሲገቡ ከወንበሯ ተነሳች። አባባ ነገሩን ሊነግሯት ጀመሩ፤ ቃሉ ግን ጠፋቸው። “ልጄ... ልማደ አንስት... ከጥምቀት ወዲህ...” ብለው ቆሙ። ላባቸው ሲወርድ ይታየኛል።

“ገባኝ አባታችን። ይቀመጡ” አለች። ዘውዴን መዘነቻት፤ ሽንቷንና ደሟን ወሰደች። ውጤቱ እስኪመጣ አባባ በከንፈራቸው ውዳሴ ማርያም ይደግሙ ነበር። ዘውዴ የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ጣቶቿ ነጥተዋል።

ነርሷ ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች። “ነፍሰ ጡር አይደለችም” አለች ቁጭ ሳትል። “ደሟ ግን በጣም ወርዷል። ክብደቷም እንደዚሁ። ምን ትበያለሽ እህቴ?”

ዘውዴ ነገረቻት። ነርሷ ወደ አባባ ሳይሆን ወደ እሷ ዞራ፣ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳቻት። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ።

“እዚህ ማሕፀንሽ አለ። በግራና በቀኝ ደግሞ የእንቁላል ከረጢቶች አሉ። ከአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ በደምሽ መልእክት ትልካለች፤ አንዲት እንቁላል ትበስልና ትወጣለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጥለው ደም ሊመጣ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ማሕፀን ደግሞ ጽንስ ይመጣ ይሆናል ብሎ ውስጡን በደም ያወፍራል። እንቁላሏ የወንድ ዘር ካላገኘች ጽንስ የለም፤ ያ የወፈረው ሽፋን አያስፈልግም፤ ረግፎ ይወጣል። የወር አበባ የምትይው እሱ ነው። ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። የአንዷ ፈጠን ይላል፣ የሌላዋ ይዘገያል።”

“ታዲያ የእኔ ለምን ቀረ?” አለች ዘውዴ።

“አንጎልሽ መልእክቱን መላክ ስላቆመ ይመስለኛል። ሰው ሲራብ፣ ሲከሳ፣ ሲጨነቅ ሰውነት ያለችውን ጉልበት ለልብና ለሳንባ ያስቀምጣል። ለጽንስ የሚተርፍ የለኝም ይላል። ስትበዪና ስታርፊ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ ሌላ ምክንያት እንዳለ ለማየት ወደ ሆስፒታል እንልክሻለን። የቀረ ሁሉ እርግዝና አይደለም።”

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እኔ ስንት ዓመት ስለ ደሙ ሳነብ፣ ሳስተምር ኖሬ” አሉ፣ “ምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ደሙ... ለልጁ የተዘጋጀ ነው ነው የምትይኝ?”

“የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት እርስዎ ያውቃሉ አባታችን። የሰውነቱን ከጠየቁኝ አዎ፤ ጽንስ ቢመጣ የሚያርፍበትና የሚያድግበት ነበር።”

አባባ ለረጅም ጊዜ ሥዕሉን አዩ። ከዚያ ለዘውዴ “ከዛሬ ጀምሮ ትበያለሽ” አሏት። “ለታመመ ጾም የለም። ለንስሐ አባትሽ እኔ እነግራቸዋለሁ። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ላይ ይሁን።”

ነገሩ ግን እዚያ አላለቀም። እኛ ደባርቅ ሳለን እትዬ ቃላቸውን አልጠበቁም፤ ወሬው ማዶ ደርሷል። በሆሣዕና ዋዜማ አለቃ ወርቁ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ቤታችን መጡ። አባባ ሁሉንም ሳይደብቁ ነገሯቸው፤ ውጤቱንም አሳዩ።

አለቃ ወረቀቱን አይተው መለሱት። “ደግ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን” አሉ። “ነገር ግን ቄስ፣ ይህ ወረቀት ስለ ድንግልናዋ አይናገርም። ወሬ ወጥቷል። የልጄ ክህነት ነው። ሁለት ባልቴቶች ገብተው ይዩአትና ነገሩ ይዘጋ።”

ዘውዴ የእጅ ውሃ ይዛ ልትገባ ከበሩ ቆማ ነበር። እትዬ ከማዕዘኑ “ትታያ! ንጹሕ ከሆነች ምን ያስፈራታል!” አሉ።

አለቃ የአባባ ጓደኛ ናቸው፤ አብረው የቀደሱ፣ ድጓ አብረው የተማሩ። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ አባባ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ።

“ዘውዴ፣ ግቢ። የሚሉትን ሰምተሻል። አንቺ ምን ትያለሽ?”

የታጨች ልጅ በሽማግሌ ፊት አትናገርም። ዘውዴ ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አኖረች።

“አባባ፣ ቃሌን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ” አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተቆረጠም። “ከቃሌ ሌላ የማሳየው የለኝም።”

አባባ ወደ አለቃ ዞሩ። “እንግዲህ ሰምተዋል። እኔም ከቃሏ ሌላ አልፈልግም።”

“ሠርጉ ይቅር ማለትዎ ነው?”

“ቃሏን ለማያምን ቤት ልጄን አልሰጥም ማለቴ ነው።”

አለቃ ሳይታጠቡ ወጡ። እትዬ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው “አዋረዱን! ቄስ ሆነው አዋረዱን!” እያሉ አለቀሱ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ዘንባባ ሲታደል ሰው ከእኛ ፈቀቅ ይል ነበር። አባባ ቀደሱ። ዘውዴ ውስጥ ገብታ እስከ መጨረሻው ቆመች።

ኅሩይ አንድ ጊዜ ደወለ። ዘውዴ ማዳመጫ አልሰካችም፤ እኔም እንድሰማ ስልኩን ከፍታ መሬት ላይ አደረገችው። “አባቴን እምቢ ማለት አልቻልኩም” አለ፤ ድምፁ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነበር።

“እኔ ግን ያንተን አባት እምቢ ብያለሁ” አለችው። “በሰላም ግባ ኅሩይ።” ለዳግም ትንሣኤ ከአምባራስ በኩል ሌላ ልጅ አገባ። ያን ቀን ዘውዴ ፍራሹ ላይ ተጠቅልላ ዋለች። ማታ ተነስታ በላች።

ከፋሲካ በኋላ እማዬ ስንቃችንን በእጥፍ አደረገችው፤ እንቁላል፣ ተልባ፣ ምስር። ዘውዴ በየቀኑ ነርሷ የሰጠቻትን የደም ኪኒን ትውጣለች። ትበላለች፤ ታጠናለች፤ ግን በየማለዳው ከመጸዳጃ ስትወጣ ፊቷን አይቼ ገና መሆኑን አውቃለሁ። ሚያዝያ አለፈ። እኔ ደግሞ ፈራሁ፤ ነርሷ “ካልተመለሰ” ያለችው ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር።

ግንቦት ላይ፣ በፈተናው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ደብተሬን ልገለብጥ ተቀምጬ ሳለ በሩ ተበረገደ። ዘውዴ ቆማለች። ነጠላዋን ረስታለች። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

“መጣ!” አለችኝ። “ሙሉ፣ መጣ!”

ስልኩን ነጥቄ ወደ ግቢው ወጣሁና ለአባባ ደወልኩ። ከደጀ ሰላሙ ነበሩ፤ ከኋላቸው የሰዎች ድምፅ ይሰማል። ነገርኳቸው። የእትዬ ድምፅ ከአጠገባቸው “ምን አለች? መጣላት? እልል! አሁኑኑ ሄደን ለነአለቃ እንንገራቸው፤ ይፈሩ!” ሲል ሰማሁ።

“አንነግርም” አሉ አባባ። “እነሱን አይመለከትም።” ከዚያ ለእኔ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ሙሉ፣ ለእህትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ። ደስ ያለኝ ምስክር ስለተገኘ አይደለም፤ ምስክር አልፈለግሁም። ጤናዋ ስለተመለሰ ነው በያት። ቃል በቃል ንገሪያት።”

ገብቼ ቃል በቃል ነገርኳት። ዘውዴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ እጇን አውርዳ፣ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ፣ እርሳሷን አነሳች።

“በይ ሂጂ” አለችኝ፤ “ለፈተናው ሳይረፍድብኝ አንድ ጀሪካን ጨምሪልኝ። ስትመለሽ ነርሷ የሣለችውን ለአንቺም ደግሜ አስረዳሻለሁ። አንቺ ሳትፈሪ ትጠብቂዋለሽ።”